ግጥም ያስተኛል? ጅማ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስልኩን ትራሱ አጠገብ አስቀምጦ፣ በቴፕ ዘመን የተነበቡ የቆዩ የአማርኛ ግጥሞችን እያዳመጠ የሚተኛ ሰው በጅማ እኔ ብቻ አይደለሁም። ቡና ላይ ጨዋታው ሲነሣ ግን ብዙ ስሕተት ይነገራል።

«ግጥሙ የላቀ ከሆነ ቶሎ ያስተኛል።»

እንዲያውም ያነቃል። ሰምና ወርቅ ያለበትን ስንኝ የሰማ ጆሮ ወርቁን ሳያገኝ አያርፍም፤ ሲያገኘው ደግሞ ይደሰታል፤ የተደሰተ ሰው መቼ ይተኛል? ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እወደዋለሁ፤ ለመኝታ ግን አልመርጠውም። ለእንቅልፍ የሚሆነው በልጅነት በቃል ያጠናነው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድመን የምናውቀው ግጥም ነው። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠረ ሲሄድ፣ አንባቢውም ድምፁን ከፍ ዝቅ ካላደረገ፣ ሐሳብ የሚይዘው ነገር ያጣል።

«የግጥም ምት ልብን ያረጋጋል።»

ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን ግጥም ጮክ ብለው ያነበቡ ሰዎች አተነፋፈሳቸውና የልብ ምታቸው ተስማምቶ ታይቷል። ልብ በሉ፤ ያነበቡት ናቸው። ትንፋሽን የሚያዘገየው የስንኙ ርዝመት ነው፤ ስንኙን የሚሸከመው ደግሞ አንባቢው ነው። አያቴ በአማርኛም በኦሮምኛም እያዜሙ ልጅ ሲያስተኙ፣ ከልጁ ቀድመው የሚያንቀላፉት እርሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ከመተኛትዎ በፊት ጥቂት ስንኞችን ራስዎ በዝግታ ያንብቡ።

«ተኝቼ የሰማሁት በቃሌ ይያዝልኛል።»

አይያዝም። እንቅልፍ የሚያጸናው ነቅተን ያጠናነውን ነው።

«ሌሊቱን ሙሉ ቢነበብ ይሻላል።»

ጆሮ ተኝቶም ይሰማል። የአንባቢው ድምፅ ሲቀየር ወይም ማስታወቂያ ሲገባ እንባንናለን፤ ስለዚህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራሱ እንዲዘጋ ማድረግ ይበቃል። የጅማ ክረምት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንባቢው አይሰማምና ድምፁን እንጨምራለን። እኩለ ሌሊት ላይ ዝናቡ ቀጥ ሲል፣ ሰውዬው በጸጥታው መካከል ሲጮኽ ጎረቤት ሳይቀር ይነቃል። እንዲህ ባለ ሌሊት ሥራውን ለቆርቆሮው መተው ነው።

«እንቅልፍ እንቢ ላለው ሰው መድኃኒቱ ግጥም ነው።»

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ያህል እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ያማክር። ከክኒን በፊት የሚመረጥ፣ አስተሳሰብንና የመኝታ ልማድን የሚያስተካክል የምክር ሕክምና አለ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይገኛል።

«ቡናን ለምደነዋል፤ እንቅልፍ አይነሳንም።»

ይህን በጅማ መካድ ድፍረት ይጠይቃል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የገባ ካፌይን ግማሹ እስኪወገድ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከተጠጣው አቦል ግማሹ ሌሊት 6 ሰዓት ላይም አልወጣም ማለት ነው። የለመደ ሰው ይተኛል፤ እንቅልፉ ግን የሳሳ ነው። አንድ ጎረቤቴ አቦልና ቶናውን ጠጥቶ፣ በረካውንም ሳይቀር ጨርሶ ይገባና፣ ማግስቱን «ያ ግጥምህ ምንም አልረዳኝም» ይለኛል።