ዳርክ ኢነርጂን በጋላክሲ ቆጠራ መለካት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዳርክ ኢነርጂ የዩኒቨርስን መስፋፋት ያፋጥናል ተብሎ የሚታሰብ፣ ምንነቱ ገና ያልታወቀ ነገር ነው። እሱን ለመለካት የጋላክሲዎች ካርታ ይሠራል፤ ለካርታው ደግሞ የየጋላክሲው ርቀት ያስፈልጋል።

«ጥሩ ፎቶ ካለ የጋላክሲው ርቀት ይታወቃል»

ከፎቶ የሚገኘው ግምት ነው። ቅርብ ያለ ደብዛዛ ጋላክሲና ሩቅ ያለ ግዙፍ ጋላክሲ እኩል ደምቀው ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ ብርሃኑ በስፔክትሮግራፍ፣ ማለትም ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ በሚለያይ መሣሪያ፣ ይተነተናል። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ኪት ፒክ ተራራ ላይ የሚሠራው ዴዚ (DESI) የተባለ መሣሪያ ብርሃን የሚያስተላልፉ 5,000 ፋይበሮች አሉት፤ እያንዳንዱን ፋይበር ትንሽ ሮቦት ወደ አንድ ኢላማ ያዞረዋል።

ኮከብ በሚወለድባቸው ጋላክሲዎች ውስጥ ያለው ኦክስጅን 372.7 ናኖሜትር ገደማ ላይ ደማቅ መስመር ያወጣል። መስመሩ 745.4 ላይ ከተገኘ የሞገዱ ርዝመት እጥፍ ሆኗል፤ ሬድሺፍቱ፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት ከመነሻው የጨመረበት መጠን፣ 1 ነው። ብርሃኑ ከተነሣ ወዲህ በጋላክሲዎች መካከል ያለው ርቀትም እጥፍ አድጓል ማለት ነው። ነገር ግን ብቻውን የታየ መስመር የሃይድሮጅንም ሊሆን ይችላል። ኦክስጅንን የሚያሳብቀው መንታነቱ ነው፤ በመንትዮቹ መካከል ያለው ክፍተት 0.3 ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። ስፔክትሮግራፉ ሁለቱን ካልለየ፣ ወይም የራሳችን ከባቢ አየር የሌሊት ፍካት ከሸፈናቸው፣ ጋላክሲው ካርታው ላይ የተሳሳተ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል።

«ሬድሺፍት ከተገኘ ዳርክ ኢነርጂ ተለካ»

አልተለካም። ሬድሺፍት የመለጠጡን መጠን ይነግረናል፤ ርቀትን ለማወቅ ግን ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። ዩኒቨርስ 380,000 ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ በጋለው ጋዝ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ይጓዝ ነበር። ሞገዱ ሲቆም የተወው አሻራ ዛሬ 490 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይረዝማል፤ በዚህ ርቀት የተራራቁ ጥንድ ጋላክሲዎች በጥቂቱ ይበዛሉ። ብልጫው በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሚሊዮን ጥንዶች ካልተቆጠሩ አይታይም፤ የዚህ ሥራ ውበቱም እዚህ ላይ ነው። አሻራው በየዘመኑ ሰማይ ላይ የሚይዘው አንግል ሲለካ የመስፋፋቱ ታሪክ ይወጣል። ዳርክ ኢነርጂ የሚነበበው ከዚያ ታሪክ ነው።

«ጋላክሲ በበዛ ቁጥር ስህተት ይጠፋል»

የሚቀንሰው የዕድል ስህተት ነው። የእኛው ጋላክሲ አቧራ የጋረደው ሰማይ፣ እጅግ ተጠጋግተው አንዱ ብቻ ፋይበር ያገኘላቸው ጋላክሲዎች፣ እነዚህ በቁጥር ብዛት አይታረሙም። መፍትሔው በኮምፒውተር እንደ ነሲብ የተበተኑ ነጥቦችን ያንኑ ሰማይ፣ ያንኑ ጉድለት አልብሶ ከጋላክሲዎቹ ጋር ማነጻጸር ነው። ጉድለቱ በነጥቦቹ ላይ በትክክል ካልተደገመ የአቧራው ጠርዝ የጋላክሲ ክምችት መስሎ ይታያል።

«ዳርክ ኢነርጂ እየደከመ መሆኑ ተረጋግጧል»

ገና ነው። ዴዚ በ2025 ከ14 ሚሊዮን በላይ ጋላክሲዎችንና ኳሳሮችን (እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርቶችን) ተጠቅሞ፣ ከዩኒቨርስ መጀመሪያ ዘመን ከቀረው የማይክሮዌቭ ጨረርና ከሱፐርኖቫዎች (ከሚፈነዱ ኮከቦች) ጋር ሲጣመር ያገኘው የመድከም ፍንጭ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ ነው፤ ሲግማ ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ግኝት ለማለት የተለመደው 5 ነው። ቁጥሩ የሚዋዥቀው በተመረጠው የሱፐርኖቫ ስብስብ ስለሆነ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የእነሱ የብርሃን ልኬት ነው።