ኦቲዝም ያለበት ልጅና የደብተሩ ጣጣ፦ ስለ መጻፍ የሚባለውና እውነታው

የሰኞው ገጽ ላይ ሦስት መስመር ተጽፏል። የማክሰኞው ባዶ ነው። የረቡዕው ላይ አንድ ቃል እየተጻፈ እየተፋቀ ወረቀቱ ተቀዷል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያሳደገ ወይም ያስተማረ ሰው ይህን ደብተር ያውቀዋል። ችግሩ ደብተሩ ታይቶ የሚሰጠው ፍርድ ላይ ነው፤ ፍርዱ ሲሳሳት መፍትሔው ራሱ ልጁን ከእርሳስ ያጣላዋል።

«ሲፈልግ ይጽፋል፤ ሰኞ ጽፎ የለ? እንቢተኛ ነው»

ሰኞ መጻፉ ማክሰኞም ይችላል ማለት አይደለም። መጻፍ ከውጭ ሲያዩት አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ቢያንስ አራት ሥራ ነው፦ የሚጻፈውን ማሰብ፣ ቃሉን ወደ ፊደል መበተን፣ የፊደሉን መልክ ማስታወስ፣ ጣትን ማዘዝ። ሌሎች ልጆች ሲለምዱት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳይታሰቡ ይሄዳሉ። ኦቲዝም ላለባቸው ብዙ ልጆች ግን እያንዳንዷ ጭረት ሐሳብ ትጠይቃለች። እንቅልፍ ያጣ ዕለት፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናብ የሚደበድብ ዕለት፣ የመቀመጫ ቦታው የተቀየረ ዕለት ያቺ ሐሳብ አትተርፍም።

ስለዚህ ከቁጣው በፊት የትኛው ሥራ ላይ እንደሚሰናከል ይለይ። ልጁ የሚወደው አንድ ቃል ይመረጥ፤ «ባቡር» እንበል።

መጀመሪያ ሥዕሉን አሳዩትና ስሙን ይናገር፤ የማይናገር ልጅ ከሆነ ከሦስት ሥዕል መሀል ይጠቁም። ቀጥሎ ስድስት ቆርኪ ላይ አንዳንድ ፊደል ጻፉ፤ ሦስቱ የቃሉ ፊደላት (ባ፣ ቡ፣ ር)፣ ሦስቱ አሳሳች (በ፣ ቦ፣ ሩ)፤ ቃሉን እሱ ይደርድር። ከዚያ አጠገቡ ካስቀመጣችሁት ወረቀት ይገልብጥ። በመጨረሻ ምንም ሳያይ፣ እንደ ቃል ጽሕፈት፣ ሰምቶ ይጻፍ። ጠቅላላው ከ10 ደቂቃ አይለፍ፤ ከደከመው ቀሪው ለነገ ይደር።

ቆርኪውን በትክክል ደርድሮ በእርሳስ የጻፈው የማይነበብ ከሆነ ችግሩ እጅ ላይ ነው። አሳምሮ ገልብጦ ቃል ጽሕፈቱን ካበላሸ፣ የፊደሉ መልክና ድምፁ ገና አልተጣበቁለትም። አራቱንም አልፎ «ስለ ባቡር ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍ» ሲባል ወረቀቱን እያየ ከቀረ፣ የጎደለው ሐሳብን የማደራጀት እገዛ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉንም ሠርቶ ክፍል ውስጥ ምንም የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ልጁን ትታችሁ ክፍሉን መርምሩ።

«ደጋግሞ ቢገለብጥ እጁ ይፈታል»

አንድ ፊደል ሁለት ገጽ ሙሉ እንዲጻፍ ማዘዝ የቆየ ልማድ ነው። እንዲህ ያለውን ገጽ ልብ ብላችሁ እዩት፦ የመጀመሪያው መስመር ደህና ነው፤ አራተኛው ላይ ፊደሉ ይጣመማል፤ አሥረኛው ላይ ሌላ ነገር ሆኗል። ልጁ ሃምሳ ጊዜ የተለማመደው ጠማማውን ነው።

በአሜሪካ ባልቲሞር በሚገኘው ኬኔዲ ክሪገር ኢንስቲትዩት የተሠራና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ጽሕፈት በነጥብ ለክቶ ነበር። ጎልቶ የወጣው ልዩነት የፊደሉ ቅርጽ ላይ ነው፤ በመጠን፣ በመስመር አጠባበቅና በፊደላት መሀል ባለው ክፍተት እኩያዎቻቸውን ያህል ነበሩ። ቅርጹ ምን ያህል እንደሚበላሽ የሚጠቁመውም የእንቅስቃሴ ችሎታቸው ነበር። ጥናቱ በላቲን ፊደል ነው፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል፦ ሥራው ያለው ከቅርጹ ላይ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ፊደል ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ ከሦስቱ ቆንጆውን ራሱ ይምረጥና ያክብበው። ከዚያ ይቆማል፤ «በርታ፣ አንድ መስመር ጨምር» የለም። ሥራው የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ይጀምራል፤ መጨረሻው የማይታየውን ሥራ ግን ከመነሻው ይሸሸዋል።

«ፊደል ከሀ እስከ ፐ በተራ ነው የሚለመደው»

ለመቁጠር አዎ፤ ለመጻፍ ግን አይሆንም። የኔታዎች ይህን ያውቁ ነበር። «ሀሁ»ን የሚያንበለብል ልጅ ፊደሉን ለይቷል ብለው አያምኑም፤ አቡጊዳን የሚያስቆጥሩትም ተራውን በትነው ዓይኑን ሊፈትኑት ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ የሰሙትን በቃል የመያዝ ኃይላቸው ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ገበታውን ሙሉ አንበልብለው አንዷን ፊደል ነጥለው ሲጠየቁ ሊጠፋባቸው ይችላል። በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማእከልን አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ላዘጋጁት የማስተማሪያ ዘዴ አቡጊዳ የሚለውን ስም ነው የሰጡት።

33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው። ለዚህ ልጅ ይህ ቁጥር ሸክምም በረከትም ነው፤ ብዛቱ ያስፈራል፣ ሥርዓቱ ግን የሚወደው ዓይነት ነው። ስለዚህ በተራ ሳይሆን በመልክ መድቧቸው፦ ሁለት እግር ያላቸው (በ፣ ለ፣ ሰ፣ አ፣ ከ)፣ አንድ እግር ያላቸው (ተ፣ ነ፣ ቀ፣ ገ)፣ ሦስት እግር ያላቸው (ሐ፣ ጠ)፣ ክብ የሚበዛባቸው (ዐ፣ ወ፣ መ)። ባለሁለት እግሮቹ ለመነሻ ይመቻሉ።

«በ»ን እንውሰድ። አንድ አነጋገር ምረጡና ሁልጊዜ ያንኑ ብቻ በሉ፦ «ከላይ ጀምር፣ ግራ እግር አውርድ፤ ተመለስ፣ ጣሪያ ሳብ፣ ቀኝ እግር አውርድ።» እናት አንድ ዓይነት፣ መምህር ሌላ ዓይነት ካሉት ሁለት ፊደል ነው የሚማረው። «በ» ሲጸና ቤተሰቡ ይመጣል። ቡ፦ ቀኝ እግር ወገቡ ላይ ቅጥያ። ቢ፦ ቅጥያው እግር ግርጌ ወረደ። ባ፦ ቀኝ እግር ረዘመ። ቤ፦ ግርጌው ላይ ቀለበት። ብ፦ ቅጥያው ወደ ግራ ዞረ። ቦ፦ ግራ እግር ረዘመ። ከካዕብ እስከ ኃምስ ያለው ይህ ሕግ ለ«ለ»፣ ለ«ሰ»፣ ለ«አ» እና ለ«ከ»ም ይሠራል፤ አንዴ የገባው ልጅ ሌሎቹን ራሱ ያወጣቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሳድስና ሳብዕ ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ ሩ፣ ሪ፣ ፉ እና ፊ ደግሞ ከነጭራሹ ሕጉን አያከብሩም። ሕግ የሚወድ ልጅ በራሱ ሕግ የሠራውን «ሩ» ይጽፋል፤ በቀይ ይሰረዝበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያጣው ፊደሉን ብቻ ሳይሆን በሕጉ ላይ የነበረውን እምነት ጭምር ነው። ሳይሳሳት በፊት «እነዚህ ወጣ ያሉ ናቸው» የሚል የተለየ ገጽ አዘጋጁላቸው። ስህተት ብሎ ከመሰረዝ በፊትም ልጁ ያሰበውን መጠየቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ አስተሳሰቡ ከገበታው ይልቅ ትክክል ሆኖ ይገኛል!

«እርሳስ አያያዙ ካልተስተካከለ አይጽፍም»

በሦስት ጣት መያዝ ጥሩ ነው፤ ብቸኛው ትክክል ግን አይደለም። በአራት ጣት ወይም አውራ ጣትን አሻግሮ የሚይዝ ልጅም እኩል የሚነበብና እኩል የፈጠነ ጽሑፍ ሊጽፍ ይችላል። ካላመመው፣ የጣቱ አንጓ ካልነጣ፣ ወረቀቱን ካልበሳው ይተው። ማስተካከል ካስፈለገ ጣቱን እየያዙ ማዘዝ ዋጋ የለውም፤ መነካት የማይወድ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጠብ ነው። እርሳሱን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርጋችሁ ስጡት፤ አጭር እርሳስ በጡጫ ለመያዝ አይመችም። ከእስክርቢቶም ለስላሳ እርሳስ ይሻላል።

ከጣቱ በፊት ግን እግሩን እዩ። ረጅም ዴስክ ላይ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሰውነቱን ሚዛን ለማስጠበቅ ሲታገል እጁ ነፃ አይሆንም። የእንጨት ሣጥን ወይም በፕላስተር የታሰረ የድሮ መጽሐፍ ከእግሩ ሥር ይግባ። ጠረጴዛው ክንዱ ሲታጠፍ ከክርኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አቃፊ በጎኑ ተጋድሞ ወፍራሙ ጎን ከልጁ ራቅ ባለው በኩል ከሆነ፣ ደብተሩ ዘንበል ይልና የእጁ አንጓ ይቀናለታል። ግድግዳ ላይ በጠመኔ መጻፍ፣ ሊጥ ማሸት፣ ምስር መልቀም፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት ለጣት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ምስር የለቀመ ሁሉ ጸሐፊ አይሆንም፤ ጽሕፈት የሚሻሻለው በጽሕፈት ነው።

ግራኝ ከሆነ ግራኝ ነው። ወደ ቀኝ ማዞር አያስፈልግም፤ ደብተሩን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ማስቀመጥና ልጁን ዴስኩ ላይ በግራ ጫፍ ማስቀመጥ ይበቃል።

«ሌላው ልጅ ከሰሌዳ እየገለበጠ እሱ ለምን አይገለብጥም?»

ከሰሌዳ መገልበጥ ከሁሉም ከባዱ ነው። ቀና ብሎ ቃሉን ማግኘት፣ መያዝ፣ ዓይንን ማውረድ፣ መስመሩን መፈለግ፣ መጻፍ፣ ተመልሶ ቀና ማለት፤ የ40 ቃል ኖት ይህንን 40 ጊዜ ይጠይቃል። ግማሽ ላይ ሳለ ሰሌዳው ይጠፋል። ያልተጨረሰ ነገር የሚያውከው ልጅ ያንን ገጽ ትቶ ወደ ሒሳብ መሸጋገር ያቅተዋል፤ ክፍለ ጊዜው ሁሉ እዚያ ይቀራል።

መምህሩ ኖቱን በወረቀት አጠገቡ ያስቀምጥለት፤ ጊዜ ከሌለ የጎበዝ ተማሪ ደብተር በስልክ ፎቶ ይነሳ። የተሻለው ግን ቁልፍ የሆኑ አራት ወይም አምስት ቃላት ብቻ የተጓደሉበት ኖት ነው፤ ልጁ እነሱን ይሞላል፣ የሚሞላውም ቁም ነገሩን ነው። የደብተር ማርክ ካለ በዚሁ ይታረም።

«ላጲሱን ብንወስድበት መፋቁን ይተዋል»

አይተወውም፤ ገጹን ይገነጥለዋል ወይም መጻፉን ያቆማል። የሚፍቀው በጭንቅላቱ ያለው መልክና እጁ ያወጣው ስላልተመሳሰሉለት ነው። ይልቅስ ስህተት የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ይማር፦ አንድ አግዳሚ ጭረት፣ ከዚያ ወደፊት። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሆን ብሎ ተሳስቶ፣ በአንድ ጭረት ሰርዞ፣ ምንም ሳይመስለው ሲቀጥል ደጋግሞ ማየት አለበት። «አትጨነቅ» ከማለት ይህ ይበልጣል።

«አንድ መስመር የጻፈው ሐሳብ ስለሌለው ነው»

«ስለ ቤተሰባችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ ለዚህ ልጅ በር የሌለው ቤት ነው። ከየት ይጀመር? ስንት ሲጻፍ ይበቃል? መምህሯ እናቱን እያወቀቻት ለምን ስለ እናቱ ይነገራት? ወረቀቱን በአራት ሣጥን ክፈሉት፦ ማን፣ የት፣ ምን አደረገ፣ ከዚያስ? በየሣጥኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ርዕሱ የሚወደው ይሁን፤ ስለ አውቶቡስ ቁጥር አሥር ጊዜ ቢጽፍ ምን ቸገረን?

እጁ ከሐሳቡ ወደኋላ ከቀረ እሱ ይናገር፣ እናንተ ጻፉ፤ ያለውን ቃል ሳታሳምሩ። ከዚያ ድርሻው በትንሽ በትንሹ ወደ እሱ ይሂድ፦ መጀመሪያ የመጨረሻውን ቃል ብቻ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር። በሳይንስ ፈተና የሚለካው ሳይንስ ከሆነ በቃል ይመልስ። ምርጫ ጥያቄም ላይ የመልስ ወረቀት ማጥቆር ራሱን የቻለ የመገልበጥ ሥራ ነውና፣ በክፍል ፈተና ጥያቄው ላይ እንዲያከብ መፍቀድ ማርኩን የሚያውቀው ላይ ያሳርፈዋል።

«ታብሌት ከተሰጠው በእጁ መጻፍ ይረሳል»

ሁለቱ አይጣሉም፤ አጭሩን ልምምድ በእጁ፣ ረጅሙን ሥራ በመተየብ ማድረግ ይቻላል። ሆኖም መሣሪያው ሲሰጥ ተአምር አይመጣም። አንዳንዱ የአማርኛ ኪቦርድ በላቲን ድምፅ ስለሚሠራ ላቲን ያልለየ ልጅ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ቤቱን ነክቶ ሰባቱ ፊደላት የሚዘረገፉለት ዓይነት ይሻለዋል። በቀን 10 ደቂቃ ለብቻው ይለማመደው፤ ፈተና ቀን መጀመር የለበትም።

«ውጭ አገር ከሆነ ትምህርት ቤቱ ሁሉንም ያውቅበታል»

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ግምገማ እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይሁን። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕጉ (አይዲኢኤ) መሠረት የጽሕፈት ችግር የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ሥራ ክህሎት ሕክምና) ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል፤ የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ (አይ.ኢ.ፒ.) ለሚወጣበት ስብሰባም ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። «አማርኛ ስለምታናግሩት ነው» ከተባላችሁ አትቀበሉ፤ ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያባብስም። ሁለቱን ፊደል በአንድ ሰሞን ማስጀመር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ እስኪጸና ሌላው ቢቆይ ይመረጣል።

«መቼም ኦቲዝም ነው፤ ሁሉም ከዚያ ነው»

ዓይኑ ይመርመር፤ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ስንት ጊዜ ሰነፍ ተብሏል። ይጽፍ የነበረ ልጅ በሳምንታት ውስጥ ካቆመ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ወይም እየጻፈ ሳለ ለሰከንዶች ፈዝዞ ቀርቶ ምንም እንዳልሆነ ከቀጠለ፣ ይህ የልምምድ ጉዳይ አይደለም። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ይበልጥ ይታያል፤ መፍዘዝ ብቻ ሆኖ የሚመጣም አለ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆየበትን ጊዜ መዝግባችሁ፣ ከተቻለም በስልክ ቀርጻችሁ ለሐኪም አሳዩ።