ኢሜይላችሁ ስፓም የሚገባው ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ታኅሣሥ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፔንሲዮን ያላቸው አንዲት እናት ጠሩኝና ሄድኩ። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ስልካቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ለጥምቀት ክፍል የጠየቁኝ ፈረንጆች መልስ ስልክላቸው ድምፃቸው ይጠፋል፤ ዋጋው ተወዶባቸው ይሆን?" አሉኝ። ዋጋው አልነበረም። አንዲት እንግዳ በዋትስአፕ "መልስዎን አሁን ስፓም ውስጥ አገኘሁት" ብላ ጽፋላቸው ነበር። ጎንደር ውስጥ ማረፊያ ቤት ላለው ሰው ጥምቀት የዓመቱ ገበያ ነው፤ ጥር 11 ካለፈ በኋላ የሚነበብ መልስ ምን ይሠራል? ስለዚህ በራሳቸው ዶሜን (አድራሻው ላይ ከ@ በኋላ የሚመጣው ስም) ኢሜይል የሚልኩ ሰዎች ደጋግመው የሚሉኝን ነገር እዚህ ልዘርዝር።

"ኢሜይል እየደረሰኝ ነው፤ ስለዚህ መላኩም ይሠራል"

አይደለም። ዶሜናችሁ ዲኤንኤስ በሚባለው የኢንተርኔት ማውጫ ላይ መዝገቦች አሉት፤ ከእነሱ ኤምኤክስ የሚባለው ለመቀበል ብቻ ነው። እንደ ፖስታ ሳጥን ቁጥር አስቡት፤ ደብዳቤ ወዴት እንደሚመጣላችሁ ይናገራል እንጂ እናንተ ስትልኩ ማን እንደሆናችሁ አይመሰክርም። ደግሞ ኤምኤክስ ላይ የሚጻፈው የሰርቨር ስም ነው፤ አይፒ የሚባለው የቁጥር አድራሻው አይገባበትም።

"ስፓም የገባው 'ቅናሽ' ብዬ ስለጻፍኩ ነው"

ይኼን ብለው ጽሑፋቸውን አሥር ጊዜ የሚቀያይሩ ሰዎች አሉ፣ ያሳዝኑኛል። ቃሉ አይታይም አልልም። ግን ተቀባዩ ሰርቨር ከጽሑፉ በፊት "ይኼ ሰው እውነት ከዚህ ዶሜን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የላኪ ስም ላይ ማንም የፈለገውን መጻፍ ይችላል፤ ኢሜይል ሲፈጠር ጀምሮ እንዲሁ ነው። ከመገመት ማየት ይሻላል። ወደ ራሳችሁ ጂሜይል አንድ መልእክት ላኩ፣ በኮምፒውተር ክፈቱት፣ ሦስቱን ነጥብ ተጭናችሁ "ሾው ኦሪጅናል" የሚለውን ምረጡ። ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ እያለ አጠገባቸው "ፓስ" (አለፈ) ወይም "ፌይል" (ወደቀ) ይላል። ሦስቱም የላኪውን ማንነት መፈተሻ ናቸው፤ ኤስፒኤፍ በዶሜናችሁ ስም እንዲልኩ የፈቀዳችሁላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው፣ ሌሎቹን ከታች እመጣባቸዋለሁ። የእኚያን እናት ስንከፍተው ኤስፒኤፍ አጠገብ "ፐርምኤረር" (መዝገቡ ራሱ ስህተት አለበት) ይላል፣ ዲኪም የሚል መስመር ደግሞ ጭራሽ የለም።

"ኤስፒኤፍ ሁለት ቢሆን ይጠነክራል"

የእሳቸው ችግር ይኸው ነበር። ዌብሳይቱን የሠራላቸው ልጅ አንድ የኤስፒኤፍ መስመር አስገብቷል። በኋላ የኢሜይል አገልግሎት ሲገዙ ሌላ መስመር ተሰጣቸው፣ እሱንም ከሥሩ ጨመሩት። ለየብቻቸው ሁለቱም ትክክል ናቸው። አብረው ሲቀመጡ ግን ሁለቱም ዋጋ የላቸውም፤ አንድ ዶሜን ሁለት ኤስፒኤፍ ካለው ደንቡ ስህተት ነው ይላል፣ ተቀባዩም እንዳልተጻፈ ይቆጥረዋል። መፍትሔው ማዋሃድ ነው። "ኢንክሉድ" (የዚህን አገልግሎት ሰርቨሮችም ጨምር) የሚሉትን ሁሉ በአንድ መስመር ደርድሩ፣ "ኦል" (የቀሩት ሁሉ) የሚለው አንዴ ብቻ መጨረሻ ላይ ይግባ። በዚያውም ቁጠሩ፦ ኤስፒኤፍ ሲፈተሽ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚጠይቀው ከ10 ጊዜ መብለጥ የለበትም። አንዱ ኢንክሉድ በውስጡ ሌላ ኢንክሉድ ይዞ ስለሚመጣ፣ አምስት ብቻ የጻፈ ሰው ሳያውቀው 10ን ያልፋል። መጠቀም ያቆማችሁትን አገልግሎት ከመስመሩ አውጡት። ዲማርክም እንዲሁ አንድ ብቻ ነው። ዲኪም ግን ለየአገልግሎቱ የራሱ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ መሆኑ ችግር የለውም።

"ኤስፒኤፍ ካለኝ በስሜ ማንም አይልክም"

ኤስፒኤፍ የሚያየው ከፖስታው ጀርባ ያለውን አድራሻ ነው፤ መልእክቱ ካልደረሰ የሚመለስበትን ማለቴ ነው። እንግዳው የሚያነበውን የላኪ ስም አያየውም። ዲኪም ደግሞ እንደ ማኅተም ነው። ማኅተም የሌለው የቀበሌ ደብዳቤ የትኛው መሥሪያ ቤት ይቀበላል? ሰርቨራችሁ በሚስጥር ቁልፍ ይፈርማል፣ ተቀባዩ ዲኤንኤስ ላይ ባስቀመጣችሁት ይፋዊ ቁልፍ ያረጋግጣል። ዲማርክ ከሁለቱ አንዱ ማለፉን፣ ያለፈውም ከሚታየው ስም ጋር አንድ ዶሜን መሆኑን ያያል።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የዲኪም ቁልፍ 2048 ቢት ሲሆን በአንድ ቁራጭ ከሚፈቀደው 255 ፊደል ይበልጣል፣ ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ ይገባል። አንዳንዱ የዲኤንኤስ ገጽ ራሱ ይከፍለዋል፣ አንዳንዱ አይከፍልም። ኮፒ ስታደርጉ ጭራው ተቆርጦ ከቀረ ፊርማው አይሠራም። የመጨረሻዎቹን ፊደላት አንድ በአንድ አስተያዩ።

"ዲማርክ የባንክ ነገር ነው"

ጂሜይልና ያሁ በፈረንጆች ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ደንቡን አጥብቀዋል። ወደ ጂሜይል በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ሦስቱንም ማሟላት አለበት፤ ትንሹም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይጠየቃል። እኔ ግን ለባለ ስድስት ክፍሉም ፔንሲዮን ሦስቱንም አስገቡ እላለሁ። በስማችሁ "ቅድሚያ ክፍያ ላኩ" የሚል አጭበርባሪ ቢነሳ የሚጎዳው የእናንተ እንግዳ ነው። ፈተናውን የወደቀ መልእክት ምን ይደረግ የሚለውን ዲማርክ ላይ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ፤ ብቻ ዘላችሁ "ሪጀክት" (አትቀበሉት) ላይ አትውጡ። መጀመሪያ "ኖን" (ምንም አታድርጉ) አድርጉት፣ ከተቀባዮቹ የሚመጣውን ሪፖርት ለጥቂት ሳምንታት እዩ፣ ከዚያ "ኳራንቲን" (ስፓም ውስጥ አስገቡት)። ከዌብሳይቱ ፎርም የሚመጣ መልእክት በሌላ ሰርቨር የሚላክ መሆኑን ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚህ ሪፖርት ነው።

"ለውጡ እስኪሠራ 48 ሰዓት ጠብቅ"

የሚወስነው ቲቲኤል ነው፤ ሌሎች ሰርቨሮች የድሮውን መዝገብ ስንት ሰከንድ ይዘው እንደሚቆዩ የሚናገር ቁጥር ነው። 3600 ከሆነ የድሮው መዝገብ በሰው ዘንድ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ለውጥ ካሰባችሁ ከአንድ ቀን በፊት ወደ 300 አውርዱት።

የራሳችሁን የኢሜይል ሰርቨር የምታስተዳድሩ ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር፦ ከአይፒ ወደ ስም የሚመልሰው ፒቲአር ዶሜን የገዛችሁበት ቦታ ላይ አይገኝም። አይፒውን የሰጣችሁን ድርጅት ጠይቁ።

የእናታችንን ሁለት መስመር አንድ አደረግነው፣ ዲኪሙን አስገባን፣ ዲማርኩን "ኖን" ላይ ጀመርን። ሦስተኛው ቡና ቀረበ። ወደ ልጃቸው ጂሜይል የሙከራ መልእክት ላኩና ከፈትነው፤ ሦስቱም ፓስ። መነጽራቸውን አድርገው ያልመለሱላቸውን እንግዶች ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ደግመው መጻፍ ጀመሩ።