ክላሲካል ኮንሰርት፦ ሰው የሚፈራቸው ነገሮችና እውነታው

ለንደን ወይም ቪየና ወይም በርሊን የሚኖር ወዳጃችሁን «ክላሲካል ኮንሰርት እንሂድ» በሉት። ሰበቡ ወዲያው ይደረደራል። ልብስ የለኝም፣ ውድ ነው፣ መቼ እንደሚጨበጨብ አላውቅም፣ የኛ ነገር አይደለም። አብዛኛው ወሬ ነው፣ ይህ ወሬ ደግሞ ስንቱን ሰው ከስንት ድንቅ ምሽት እንዳስቀረው ሳስብ ያናድደኛል።

«ሱፍና ከረቫት ግዴታ ነው»

አይደለም። ለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ በየዓመቱ ከሐምሌ ጀምሮ ለሳምንታት የሚቆየው ፕሮምስ የተባለ የክላሲካል ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ መሃል ወለሉ ላይ የሚቆመውን ሕዝብ እዩት። ቲሸርት፣ ጂንስ፣ ስኒከር። ከሥራ በቀጥታ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ የመጣም ሞልቷል። ጥቁር በጥቁር የሚለብሱት ሙዚቀኞቹ ናቸው። መዘነጥ ከፈለጋችሁ ዘንጡ፣ የአገር ልብስም ያምራል።

«የሀብታም ቦታ ነው»

ውድ ወንበር አለ፣ አልክድም። ግን ፕሮምስ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲጀመር ዓላማው ራሱ ሰፊው ሕዝብ በርካሽ ቆሞ እንዲሰማ ነበር። የመቆሚያው ትኬት ዛሬም አለ፣ በዕለቱ ይሸጣል፣ ዋጋውም ከአንድ ተራ ምሳ ብዙም አይርቅም። የቪየናው ኦፔራ ቤትም የመቆሚያ ቦታ አለው። እዚያ ሰዎቹ ቦታቸውን የሚይዙት እፊታቸው ያለው ብረት ላይ ሻርፕ አስረው ነው፣ ሻርፑ ካለ ማንም አይነካውም። ፊልሃርሞኒ የተባለው የበርሊን ኮንሰርት አዳራሽ ደግሞ ነጻ የምሳ ሰዓት ኮንሰርቶች ያዘጋጃል። ብር ከሌላችሁ ከዚህ ጀምሩ።

«ያለቦታው ካጨበጨብኩ ውርደት ነው»

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። አንድ ሲምፎኒ፣ ማለትም ለኦርኬስትራ የተጻፈ ረጅም ሥራ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፣ በክፍሎቹ መካከል ትንሽ ዝምታ አለ፣ በዛሬው ልማድ ጭብጨባው የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ግን ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ የጻፈው ሲምፎኒ ገና እየቀረበ ሳለ ሕዝቡ ደስ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ እንዳጨበጨበ በደስታ ነው የተረከው። የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1813 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ሁለተኛው ክፍል «ይደገም» ተብሎ እዚያው ተደግሟል። እስከ መጨረሻው ዝም የማለቱ ልማድ የጸናው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም የቻይኮቭስኪ 6ኛ ሲምፎኒ ሦስተኛው ክፍል በማርሽ ግለት ሲዘጋ ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው፣ የለመደውም ሰው እጁ ያመልጠዋል። የሚቀየም ሙዚቀኛ አላየሁም። ካላወቃችሁ የኦርኬስትራውን መሪ ተመልከቱ፤ እጁን አውርዶ ወደ ሕዝቡ ሲዞር አልቋል ማለት ነው።

«ጸጥታው ለኩራት ነው»

ይሄኛው ላይ እከራከራለሁ። አዳራሹ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ድምፅ ማጉያ የለም። የምትሰሙት እንጨት፣ ጅማት፣ ናስና የሰው ትንፋሽ ነው። ሲጀመር አስተውሉ፦ የመጀመሪያው ቫዮሊን ተጫዋች ይነሳል፣ ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንዲት ኖታ ይሰጣል፣ ሌላው ሁሉ እሷን ይዞ መሣሪያውን ይቃኛል፣ ከዚያ አዳራሹ ጭጭ ይላል። ቫዮሊኖቹ እጅግ ዝቅ ብለው ሲጫወቱ የአንዲት ከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ እስከ ላይኛው ፎቅ ይሰማል። ስለዚህ ስልክ ይጥፋ፣ ከረሜላውም አስቀድሞ ይላጥ። ሳል ከመጣ በክፍሎቹ መካከል ሳሉ፣ ያኔ ግማሹ አዳራሽ አብሯችሁ ያስላል። ካረፈዳችሁ በር ላይ ያስቆሟችሁና አንዱ ሥራ ሲያልቅ ያስገቧችኋል።

«ትምህርቱ የሌለው አይገባውም»

ቴዎድሮስን ወይም ጥላሁንን ለመስማት ኖታ ያጠና ማን አለ? ትንሽ ዝግጅት ግን ይጠቅማል። የሚቀርበውን ሥራ ከኮንሰርቱ በፊት ባለው ሳምንት ሁለቴ ዩቲዩብ ላይ ስሙት፣ አዳራሽ ውስጥ የምታውቁት ዜማ ሲመጣ ልባችሁ ይዘላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ90 ደቂቃ በላይ የሚፈጀውን የማህለር 3ኛ ሲምፎኒ አትምረጡ። ግማሽ ሰዓት አካባቢ የሆነው የቤትሆቨን 5ኛ ይበቃል።

«የፈረንጅ ነው»

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል፣ በኋላም ካይሮ ሄደው ቀጥለውበታል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ጽፈዋል። ቡልጋሪያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ ሾፐንንና የራሱን ኢትዮጵያዊ ድርሰቶች በአንድ መድረክ ፒያኖ ላይ ይጫወታል። «የኛ አይደለም» የሚለው እነዚህን ሰዎች ይረሳል።

«ምርጡ ወንበር የፊተኛው ነው»

ፊት ከተቀመጣችሁ የምታዩት የቫዮሊን ተጫዋቾቹን ጫማ ነው፣ ከኋላ ያሉት ዋሽንቶችና ቀንድ የሚባሉት የናስ መሣሪያዎች ይደበቃሉ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ድምፁ ተዋህዶ ይመጣል። እኔ የምወደው ግን ከኦርኬስትራው ጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የበርሊን ፊልሃርሞኒ ኦርኬስትራውን መሃል አድርጎ ሕዝቡን በዙሪያው ነው የሚያስቀምጠው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የመሪውን ፊት ያያል፣ በቅንድቡ ማንን እንደጠራ፣ በግራ እጁ ማንን ቀስ በል እንዳለ፣ ሁሉን። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል። ዘፋኝ ያለበት ፕሮግራም ከሆነ ግን እዚያ አትግዙ፤ የዘፋኝ ድምፅ ወደ ፊት ነው የሚሄደው።