ተጠቃሚ ወይስ አጋር? ከማኅበረሰብ ጋር ስለሚሠራ የጤና ነርስነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ነዋሪውን ሰብስበን አስተምረናል፤ ስለዚህ አሳትፈናል።»

እውነታው፦ ማሳወቅ እና ማሳተፍ አንድ አይደሉም። አሜሪካዊቷ የማኅበራዊ ፖሊሲ ባለሙያ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል ስትመስል፣ መረጃ መስጠትን ሦስተኛው፣ አስተያየት መጠየቅን ደግሞ አራተኛው እርከን ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም ከይስሙላ ተሳትፎ መድባቸዋለች፤ አጋርነት የሚገኘው ስድስተኛው እርከን ላይ፣ የመወሰን ሥልጣን መጋራት ሲጀምር ነው። ለነርሷ ከዚህ የሚወጣው መፈተሻ ቀላል ነው፦ ከስብሰባው በኋላ ነዋሪዎቹ በተናገሩት ምክንያት በዕቅዱ ላይ አንድም ነገር ካልተለወጠ፣ የተካሄደው ትምህርት እንጂ ምክክር አይደለም። (ማስተማር ነውር የለበትም፤ በስሙ ይጠራ ነው።)

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ዋናውን ችግር ለይቶ የሚያውቀው ባለሙያው ነው።»

እውነታው፦ መዝገብ ስንት ሰው እንደታመመ ይናገራል፤ ታማሚው በቀጠሮው ቀን ለምን እንደቀረ ግን አይናገርም። በነርስነት ትምህርት የታወቀው የአንደርሰን እና የማክፋርሌን የማኅበረሰብ ጤና መገምገሚያ ሞዴል ሰዎቹን መሃል ላይ አድርጎ፣ ከጤና አገልግሎት ባሻገር አካባቢን፣ ትምህርትን፣ ደኅንነት እና መጓጓዣን፣ አስተዳደርን፣ የመረጃ ልውውጥን፣ ኢኮኖሚን እና መዝናኛን በዙሪያቸው ያስቃኛል። ስለ ስኳር በሽታ ልትነጋገር የሄደች ነርስ ነዋሪዎቹ ስለ መንገድ መብራት ቢያነሱባት ከርዕሱ የወጡ ሊመስላት ይችላል፤ ነገር ግን ሲመሽ በእግር መሄድ የሚያስፈራበት ሰፈር ውስጥ «በየቀኑ ተራመዱ» የሚል ምክር የትም አይደርስም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ወግ እና ባህል ለበሽታ መከላከል እንቅፋት ነው።»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በጊኒ፣ በላይቤሪያ እና በሴራሊዮን በተስፋፋው የኢቦላ ወረርሽኝ አስከሬን ማጠብ እና መንካት ከዋና ዋና የመተላለፊያ መንገዶች አንዱ ስለነበር፣ ሥጋቱ እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ የቀብር ቡድኖች አስከሬኑን በላስቲክ ጠቅልለው ያለ ስንብት ይዘው ሲሄዱ፣ ቤተሰቦች ሕሙማንን መደበቅ እና ሙታንን በስውር መቅበር ያዙ፤ ጥንቃቄው ራሱ ለበሽታው መሸሸጊያ ፈጠረለት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 መገባደጃ ከሃይማኖት ተቋማት ጋር መክሮ ያወጣው የአቀባበር መመሪያ ማጠቡን እና መንካቱን አስቀርቶ ለጸሎቱ፣ ለቤተሰቡ መገኘት እና ለስንብቱ ቦታ ሰጠ። በእኔ አመለካከት ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ባህልን መታገሥ ብቻ አይደለም፤ ከወጉ ውስጥ አደገኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ባለሙያው ሲሆን፣ የማይነካው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት ደግሞ ሐዘንተኞቹ ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የአካባቢውን መሪዎች ካነጋገርን ማኅበረሰቡን አነጋግረናል።»

እውነታው፦ መሪዎቹን ማለፍ አይገባም፤ ሆኖም በስብሰባ የማይገኙት የቀን ሠራተኞች፣ አስታማሚዎች እና አካል ጉዳተኞች ብዙውን ጊዜ አገልግሎቱ የራቃቸው ሰዎች ናቸው። እነርሱን ባሉበት ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «አጋር መሆን ማለት ሙያን ወደ ጎን ትቶ ሁሉን እሺ ማለት ነው።»

እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ መሠረታዊ የጤና እንክብካቤ የወጣው ዓለም አቀፉ የአልማ አታ መግለጫ ሰዎች በጤና አገልግሎታቸው ዕቅድ እና አፈጻጸም መሳተፍ መብታቸውም ግዴታቸውም እንደሆነ ሲደነግግ፣ የሠለጠነ ባለሙያን አስፈላጊነት አልሻረም። የክትባት መጠን እና በሁለት ክትባቶች መካከል ያለው የጊዜ ርቀት በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ክትባቱ የት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ግን ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት ሰዎች ከነርሷ ጋር ተቀምጠው ሊወስኑት ይገባል።