ውሃ ለገባበት ሙዚየም ማን ይደርስለታል?

ጎርፉ ሲሸሽ ሰው ሁሉ ጭቃውን ያያል። የቅርስ ጥገና ባለሙያ ግን ሰዓቱን ነው የሚያየው። የራሰ ወረቀት ሞቅ ባለ ቤት ከቆየ በ48 ሰዓት ገደማ ሻጋታ ያወጣል። አሜሪካ ውስጥ ለሙዚየሞች፣ ለታሪካዊ ቤቶችና ለባህል ማኅበራት የተዘረጋው የአደጋ ጊዜ እርዳታ መጀመሪያ የሚሽቀዳደመው ከዚህ ሰዓት ጋር ነው።

ሥራውን የሚያስተባብረው በ1995 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የቅርስ የአደጋ ጊዜ ብሔራዊ ግብረ ኃይል ነው። የሚመሩት የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ ፌማና የስሚዝሶኒያን ተቋም ናቸው። በጎ ፈቃደኛ የጥገና ባለሙያዎችም አሉ። በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀች በኋላ የሙያ ማኅበራቸው ለዚሁ ሥራ አሠለጠናቸው። በስልክ ያማክራሉ፤ ካስፈለገም ቦታው ድረስ ይሄዳሉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ጽዳቱ ነው። የደነገጠ ሰው የራሰውን ሁሉ ጠራርጎ ይጥላል። ብዙው ግን ይድናል። መጽሐፍ ሲርስ ያብጥና መደርደሪያው ላይ ይጣበቃል፤ ታግሎ መንቀል ጀርባውን ይገነጥለዋል። ቀስ ብሎ ማውጣት፣ አለመግለጥ፣ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ነው። ቅዝቃዜው አያደርቀውም፤ ሻጋታውን አስቁሞ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በ2004 ጀርመን ቫይማር ውስጥ የአና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል 50,000 ያህል መጻሕፍት ጠፉ። ከተረፉት ውስጥ እሳቱ ሲጠፋ በውሃ የራሱት ወደ ላይፕሲግ ከተማ ተወስደው በዚህ መንገድ ደረቁ።

ብራና ሌላ ጠባይ አለው። ቆዳ ነውና ርሶ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በፀጉር ማድረቂያ መንፋት ጨርሶ ያበላሸዋል። በስደት የሚኖሩ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ይህን ቢያውቁ እንዴት ደስ ባለኝ!

ገንዘቡ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ፕሬዚዳንቱ አካባቢውን የአደጋ ቀጠና ብሎ ማወጅ አለበት። በ1988ቱ የስታፎርድ ሕግ መሠረት ፌማ ተቀባይነት ካገኘው ወጪ ቢያንስ 75 በመቶውን ይሸፍናል። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሙዚየሞችም ይካተታሉ። ኢንሹራንስ የከፈለው ግን ተቀናሽ ነው። ለሕንፃ ቋሚ ጥገና ደግሞ ሙዚየሙ መጀመሪያ የመንግሥትን የአደጋ ብድር መጠየቅ ይኖርበታል። አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ፦ የተጎዳ ቅርስ ማከሚያ ይከፈላል፤ ጨርሶ ለጠፋ ቅርስ ግን መተኪያ የለም። ታሪካዊ ቤት ከሆነ ደግሞ ጥገናው ታሪካዊነቱን እንዳያጠፋ አስቀድሞ ይመረመራል። ቸኩሎ መስኮት የቀየረ እርዳታውን ሊያጣ ይችላል።

አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ለረጅም ጊዜ ከዚህ እርዳታ ውጭ ነበሩ። ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ የሂዩስተንን ከተማ ከመታ በኋላ፣ በ2018፣ ደንቡ ተቀይሮ እነሱም መጠየቅ ቻሉ። ይህ እኛንም ይመለከታል። ጠያቂው ጉዳቱን በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ከጽዳቱ በፊት የተነሳ ፎቶ፣ ደረሰኝ፣ የንብረት ዝርዝር። ዝርዝሩ ከሕንፃው ውጭ አንድ ቅጂ ይኑረው። ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ብቻ ከሆነ አብሮ ይርሳል።