የአንድ ሌሊት አበባ፦ ካክተስ ማሳደግና መሰብሰብ

ኤኪኖፕሲስ የሚባል ክብ ካክተስ አለ። ዓመቱን ሙሉ እሾህ የወረሰው አረንጓዴ ኳስ ነው፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንድ ቀን ከጎኑ ፀጉራም እምቡጥ ብቅ ይላል። እምቡጡ ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ከዚያ አንድ ምሽት ፀሐይ ስትጠልቅ ይፈካል። አበባው አንዳንዴ ከተክሉ ራሱ ይገዝፋል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ለዚህች ሌሊት ሲሉ እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አሉ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በአማርኛ ቁልቋል የምንለው ዛፍ ካክተስ አይደለም። የዩፎርቢያ ወገን ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። በለስ ግን እውነተኛ ካክተስ ነው። የባሕር ቁልቋል የሚለው ሌላው ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። ድርቅ ነው ያመሳሰላቸው። የካክተስ መታወቂያው አሪዮል ነው፤ እሾሆቹ የሚበቅሉባት ጥጥ የመሰለች ትንሽ ትራስ ናት። አሪዮል የሌለው ተክል የቱንም ያህል ቢዋጋ ካክተስ አይባልም።

ቤተሰቡ ወደ 1,500 ወይም ከዚያ በላይ ዝርያዎች አሉት። የሁሉም አገር አሜሪካ ነው፤ ከካናዳ እስከ ደቡብ አርጀንቲና። አንድ ብቻ አፈንጋጭ አለ። ሪፕሳሊስ ባክሲፌራ የሚባለው ቀጫጭን ተንጠልጣይ ካክተስ በአፍሪካና በስሪላንካም በዱር ይገኛል። ዘሩን ወፎች ይዘውት ሳይሻገሩ አልቀረም ይባላል። ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ ተክሎች ስም ሲያወጣ ካክተስ የሚለውን ቃል የወሰደው ግሪኮች አንድ እሾሃም ተክል ይጠሩበት ከነበረው ስም ነው። ግሪኮቹ ዛሬ ካክተስ የምንለውን አይተውት አያውቁም።

አኗኗራቸው እንደ ሌላው ተክል አይደለም። አብዛኞቹ ቀን ቀን የቆዳቸውን ቀዳዳ ጥርቅም አድርገው ይውላሉ። አየር የሚስቡት ሌሊት፣ ሲቀዘቅዝ ነው። ውኃ ላለማባከን ነው ይህ ሁሉ። ስለዚህ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ለእነሱ ዕረፍት ብቻ አይደለም፣ ሥራም ነው። ይህን የያዘ ሰው ቀጥሎ የሚመጣው የእንክብካቤ ነገር አይከብደውም።

አበባው የሚፈካበትን ሰዓት የሚወስነው ብናኙን የሚያመላልስለት እንግዳ ነው። ሌሊት የሚከፈቱት ብዙ ጊዜ ነጭ ናቸው፣ ሽታቸውም ኃይለኛ ነው፤ የሚጠብቁት የእሳት እራትን ወይም የሌሊት ወፍን ነው። ቀይና ቱቦ መሰል የሆኑት ሃሚንግበርድ ለምትባለው ትንሽ ወፍ የተሰሩ ናቸው። በጠራራ ፀሐይ የሚፈኩት ደግሞ ንብ ይጠራሉ። ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ደማቅ ሐምራዊ፣ ሁሉም አለ። ሰማያዊ የለም። የካክተስን አበባ የሚያቀልሙት ቤታሌይን የሚባሉ ቀለሞች ናቸው፤ ቀይ ሥርንም የሚያቀላው ይኸው ነው። እነሱ ደግሞ ሰማያዊ አይወልዱም። በኢንተርኔት ሰማያዊ የሚያብብ ካክተስ ዘር ከተሸጠላችሁ ተሸውዳችኋል።

ሽወዳው በዚህ አያበቃም። በገበያ ላይ አናቱ ላይ አበባ የተለጠፈበት ካክተስ ሞልቷል። ደረቅ አበባ በትኩስ ማጣበቂያ ይመቱበታል። እውነተኛ አበባ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይጠወልጋል። ወር ሙሉ ፍንክች የማይል ከሆነና ስትነኩት እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ሙጫ ነው። ቀይ ወይም ቢጫ ኳስ በአረንጓዴ ምሰሶ ላይ የተቀመጠበትን ደግሞ ብዙ ሰው እንደ አበባ ያየዋል። አበባ አይደለም። ክሎሮፊል የሌለው ጂምኖካሊሲየም ነው። ብቻውን ምግቡን መሥራት ስለማይችል ቆርጠው በሌላ ካክተስ ላይ አጣብቀውታል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። የቆዩ ሰብሳቢዎች ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ ግን ስንቱን ሰው ወደዚህ ነገር እንደሳበ ሳስብ አልጨክንበትም።

ለጀማሪ ሪቡሺያን የሚያህል የለም። የቡና ሲኒ የምታክል ናት። ከዘር ተነስታ በሁለትና በሦስት ዓመት ታብባለች፤ አበባዎቿም ከግርጌዋ ወጥተው ይከቧታል። ማሚላሪያ በአናቷ ዙሪያ ትናንሽ አበቦችን እንደ አክሊል ትደፋለች፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቿ የሜክሲኮ ናቸው። ሜሎካክተስ ሌላ ጉድ ነው። ለዓመታት ተራ ኳስ ሆኖ ያድጋል፣ ከዚያ አናቱ ላይ እንደ ቆብ ያለ ፀጉራም ነገር ይወጣበታል። ቆቡ ከወጣ በኋላ አረንጓዴው አካል ማደጉን ያቆማል። የሚያድገው ቆቡ ብቻ ነው፤ አበባውም ፍሬውም የሚወጣው ከዚያው ነው።

የጫካ ካክተሶችም አሉ። የገና ካክተስ የሚባለው ሽሉምበርገራ የመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ተራራማ ደኖች ነው፤ እዚያ የሚኖረው በዛፍና በድንጋይ ላይ ነው። እሾህ የለውም ማለት ይቻላል። ጥላና እርጥበት ይወዳል፤ እንደ በረሃ ተክል ካደረቃችሁት ይኮማተራል። እምቡጥ እንዲይዝ ረጅም ጨለማ ይፈልጋል፣ ለሳምንታት በየሌሊቱ 12 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ። መብራት እስከ እኩለ ሌሊት የሚበራበት ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ተክል የማያብበው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መብራቱን የሚያጠፋለት የለም።

«የእኔ ለምን አያብብም?» ይህ ጥያቄ ሰብሳቢዎች በተገናኙበት ሁሉ ይነሳል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ በጣም ስለምትንከባከቡት። ካክተስ ዓመቱን ሙሉ በሞቃት ክፍል ተቀምጦ በየሳምንቱ ውኃ ካገኘ ይወፍራል፣ ይረዝማል፣ ያብባል ግን ማለት አይቻልም። የተራራና የበረሃ ዝርያዎች አብዛኞቹ በቅዝቃዜ ወራት መተው አለባቸው። ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ፣ ውኃ ጭራሽ የለም። ይሸበሸባሉ። አትደንግጡ። የደረቀ ተክል ብርዱን ይችላል፤ እርጥበትና ብርድ ሲገናኙ ነው ከሥሩ የሚበሰብሰው። ሙቀት ሲመለስ እምቡጥ እስኪታይ ታግሶ ቀስ በቀስ ማጠጣት ነው። ሜሎካክተስ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፤ የሞቃት ዳርቻ ልጅ ስለሆነ ብርድ ይጎዳዋል።

ውኃ በሚጠጡበት ወቅት ሲያጠጡ ማርካት ነው፤ ከዚያ አፈሩ እስከ ታች እስኪደርቅ መተው። ጠብታ በየቀኑ መስጠት የከፋው ዘዴ ነው። አፈሩ ውኃ የማይዝ መሆን አለበት። ብዙዎች ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ በጠጠርና ቀዳዳ በበዛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሞሉታል። ፖቱ ከታች መሽንቆር አለበት፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ማዳበሪያ ከተሰጠ ናይትሮጅኑ ያነሰ ይሁን። ፖት ሲቀየር ተክሉን በታጠፈ ጋዜጣ ጠቅልሎ ማንሳት የቆየ ብልሃት ነው። ከዚያ ሳምንት ያህል ውኃ አይሰጠውም፤ የተቆረጠው ሥር ይድናል። በለስና ዘመዶቹ ላይ ግን ጋዜጣም አያድንም። ከትልልቁ እሾህ ሥር ጭገር የመሰሉ ደቃቃ እሾሆች አሏቸው፤ ጣት ውስጥ ከገቡ ቀኑን ሙሉ ወረንጦ ይዛችሁ ትውላላችሁ።

ዋናው ጠላት ሚሊባግ ነው፤ ነጭ ጥጥ የለበሰ ትንሽ ነፍሳት። አልኮል በነካ ጥጥ ይጠረጋል። ሥር ውስጥ የሚደበቀው ዓይነት ግን ተክሉን ካልነቀሉት አይታይም፤ ያለ ምክንያት ማደግ ያቆመ ካክተስ ካላችሁ ፖቱን ገልብጣችሁ እዩ።

ከዘር ማሳደግ የዚህ ነገር ጥልቁ ክፍል ነው። ዘሩ አይቀበርም፤ በእርጥብ አፈር ላይ ይበተናል። እርጥበቱ እንዳያመልጥ በፕላስቲክ ይሸፈናል። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ የመርፌ አናት የሚያክሉ አረንጓዴ ነጥቦች ይወጣሉ። የራስን ዘር ለማግኘት ሁለት ተክል ያስፈልጋል፤ ኤኪኖፕሲስን ጨምሮ ብዙዎቹ በራሳቸው ብናኝ ዘር አይዙም። ስለዚህ ሰብሳቢው በብሩሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ብናኝ ያመላልሳል፤ አበባው የሌሊት ከሆነ ባትሪ አብርቶ። ፍራይሊያ የምትባለዋ ደግሞ ማንንም አትፈልግም። እምቡጧን ሳትከፍት ውስጥ ለውስጥ ዘር ትሠራለች። ወር ሙሉ አበባ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ጠዋት ሲነሳ የደረሰ ፍሬ ያገኛል።

ከዚያ መለያው አለ። እውነተኛ ሰብሳቢ ስም ያልተጻፈበት ፖት አያስቀምጥም። ከተቻለ የመስክ ቁጥርም ይጻፋል፤ ዘሩን በዱር ያገኘው ሰው የስም ምህፃርና ተራ ቁጥር ነው፤ ተክሉ ከየትኛው ኮረብታ እንደመጣ በእሱ ይታወቃል። ስሞቹ ግን አያርፉም። ሎቢቪያ የሚባል ወገን ነበር፤ ቦሊቪያ የሚለውን ስም ፊደሎች ቦታ አቀያይረው ያወጡት ነው። ሚላ የሚባለው ሌላ ወገንም ስሙ እንዲሁ ከሊማ የወጣ ነው። የእጽዋት ሊቃውንት በኋላ ሎቢቪያን በኤኪኖፕሲስ ውስጥ ከተቱት። ብዙ ሰብሳቢዎች ግን የድሮውን መለያ አልነቀሉም። በከፊል ስንፍና ነው፣ በከፊል ፍቅር።

ማኅበራቱ የቆዩ ናቸው። የጀርመን ካክተስ ማኅበር የተመሠረተው በ1892 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአሜሪካው በ1929። ዘር ይለዋወጣሉ፣ ኤግዚቢሽን ያሳያሉ፣ ስለ ስም ይከራከራሉ።

ፍቅሩ ጨለማ ጎንም አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግምገማ ከካክተስ ዝርያዎች 31 በመቶው ለመጥፋት እንደተጋለጡ አስታውቋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ለስብስብ ሲባል ከዱር መነቀላቸው ነው። ቤተሰቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ ሳይትስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ያም ሆኖ በ2020 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ፖሊስ ከቺሊ በረሃ የተነቀሉ ከ1,000 በላይ ካክተሶች በአንድ ሰው ቤት አግኝቷል። አብዛኞቹ ኮፒያፖዋ ከሚባለው ወገን ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከመቶ ዓመት ይዘላል። ከ800 በላይ የሚሆኑት በ2021 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአሪዞና የሚገኘው የሳጓሮ ብሔራዊ ፓርክም ሳጓሮ የሚባሉትን ግዙፍ ካክተሶች ሌባ እንዳይወስዳቸው ማይክሮቺፕ እስከ መቅበር ደርሷል። ሳጓሮ የመጀመሪያ አበባውን ለማውጣት ወደ 35 ዓመት ይፈጅበታል፤ የሚሰርቀው ሰው የሚሰርቀው ይህን ዕድሜ ነው።

ወርቃማው በርሜል የሚባለውን ካክተስ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ቢጫ እሾህ የለበሰ ድብልብል ኳስ ነው፤ በየሆቴሉ ደጃፍና በየመናፈሻው ይታያል። ችግኝ አፍዪዎች ከዘር ስለሚያራቡት አይነጥፍም። በሜክሲኮ ያለው ዋና የዱር መኖሪያው ግን በ1990ዎቹ የዚማፓን ግድብ ሲሠራ በከፊል በውኃ ተዋጠ። ዛሬ በገደሎቹ ላይ የቀሩትን የሚፈልግ ሰው መውጣት መቻል አለበት።